የርስት ሙግትና የብራና ኅዳግ

ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ2000 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቆጣጠር) ያሳተሙት፣ ከ13ኛው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ማኅበር የሚናገረው መጽሐፍ፣ በመኳንንት ርስት የተነሣውን የውርስ ክርክር ለሚመረምር ታላቅ ስጦታ ነው። ለምስክርነት የጠሩት ዜና መዋዕልን ብቻ አይደለም፤ በቅዱሳት መጻሕፍት ኅዳግ የተጻፈውን የስጦታ፣ የሽያጭና የኑዛዜ ቃል ጭምር ነው እንጂ።

የኅዳጉ ቃል አጭር ነው። ሰጪውን፣ ተቀባዩን፣ መሬቱንና ምስክሩን ይጠራል፤ አፍራሹን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይገዝታል፤ ከዚያም ዝም ይላል። ሕዝብ የሚያደንቀው ግን በሽንጎ ቆሞ፣ በቅሎና ማር ተወራርዶ፣ ከአያት እስከ ምንጅላት የሚቆጥረውን ባለ አንደበት ነው። መጽሐፉ በጽሑፍ ምስክር ስለ ቆመ የዚህ ተሟጋች ድምፅ እምብዛም አይሰማበትም፤ ጉዳቱም ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ባለቅኔ ወርቁን በሰም ይሸፍናል፤ የርስት ጸሐፊ ሰም ቢያበጅ ግን ለሙግት በር ይከፍታል።

በአገሩ ልማድ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት የጠየቁት (ዘኍ. 27) ለባላባት ሴት ልጅ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በኦሪት ርስቱ ወደ ሌላ ነገድ እንዳይወጣ በነገዳቸው እንዲያገቡ ታዘዙ (ዘኍ. 36)፤ በዚህ ግን ርስቱ በሴት ልጅ ወደ ሌላ ቤት ይሻገራል። የመኳንንት ቤት በጥቂት ትውልድ የሚበተነው፣ ሙግቱም የሚበዛው ስለዚህ ነው።

መጽሐፉ የሚጎድለው በየጁ በኩል ነው። ምስክሩ አብዛኛው ከጎንደርና ከአካባቢው ስለ ሆነ፣ ወረሴሆች በደብረ ታቦር ገዥ ሆነው ይታያሉ፤ በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ባለርስት ሆነው ግን እምብዛም አይታዩም። ራስ ጉግሣ በ1817 ዓ.ም. ሲሞቱ ሥልጣኑ ወደ ልጆቻቸው ወደ ይማም፣ ወደ ማርዬና ወደ ዶሪ በየተራ፣ ኋላም ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ዓሊ እንደ ተላለፈ፣ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል እንደ ወደቀም ታሪክ ጽፎታል። እኅቶቻቸው ምን መሬት ተካፈሉ? ይህን የሚመልሰው ኅዳግ ብቻ ነው።

ልማዱ ለወሎ ጥንታዊ ነው፤ ከመርሳ በስተ ደቡብ በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው ወንጌል የገዳሙን ታሪክና ንብረት የሚመለከት ጽሑፍ ይዟል። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ከሻረ ወዲህ ግን ኅዳጉን ለሙግት የሚሻ ባለጉዳይ የለም። መጽሐፍ በአዲስ ሲጠረዝም ጠራዡ ዳሩን ይከረክማል፤ ከዳሩ ጋር የምስክሮቹ ስም ይወድቃል።