ቀና ብሎ ላየ

መስከረም ሲጠባ ዓይናችንን የሚሰርቀው አደይ አበባ ነው፤ ይገባዋልም። ቀና ብሎ ቅርንጫፍ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። በከፋና በሸካ ደኖች ኦርኪዶች ዛፍ ላይ ይበቅላሉ። ጥገኛ ናቸው ብሎ የሚያማቸው ብዙ ነው፤ ሐሜት ነው! ዛፉን መቆሚያ ያደርጉታል እንጂ ምግቡን አይነኩበትም፤ በአየር ላይ የተንጠለጠሉ ሥሮቻቸው ዝናብና ጉም ይጠጣሉ።

እኔ የማደላው ኤራንጊስ ለሚባለው ወገን ነው። ነጭ፣ ኮከብ መሰል አበባው ከጀርባው እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ቱቦ ያንጠለጥላል፤ ወለላው ከቱቦው ጫፍ ነው። መዓዛው የሚያውደው ሲመሽ ነው፤ የተጠራችው ምላሰ ረጅሟ የእሳት ራት ናትና። ንብ ብትመጣ ድካም ብቻ ነው።

የኦርኪድ ዘር ከትቢያ የደቀቀ ነው፤ ደን ውስጥ የሚረዳው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። የተነቀለውን መተካት ቀላል ስላልሆነ፣ ካገኛችሁት እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ተዉት።