የቤተ ሰብ አልበም እንደ መጽሐፍ ሲመረመር

መጽሐፍ ሁሉ ደራሲ አለው፤ ደራሲ ያለው ሥራ ደግሞ መርማሪ ይገባዋል። ልብ ወለድ ሲታተም መልካምነቱንና ጉድለቱን የሚገልጽ ሰው አይጠፋም፤ ግጥም ሲነበብ የሚያመሰግንም የሚነቅፍም ይገኛል። ነገር ግን በየቤታችን በመሳቢያና በሣጥን ተቀምጦ፥ እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የሚቀርብ አንድ መጽሐፍ አለ፤ እርሱን ገልጠን እናየዋለን እንጂ ስንመረምረው አይታይም። ይኸውም የፎቶግራፍ አልበም ነው።

አልበም መጽሐፍ መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር አሠራሩን ይመልከት። መርጦ ያስገባ ሰው አለ፤ ትቶ ያስቀረ ሰው አለ፤ አንዱን ከፊት ሌላውን ከኋላ ያደረገ ሰው አለ። መምረጥ፥ መተውና መደርደር የደራሲ ሥራ ነው። እኔም በቤቴ የዚህ መጽሐፍ ደራሲ ከሆንሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ በፊት የምነቅፈው የራሴን ሥራ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጄ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሰባት ዓመት ነው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከቤት እንዳንወጣ በከለከለን ቀን አልበሙን ከጭኗ ላይ አድርጋ ስትገልጥ ቆየችና፥ «አባባ፥ ቅድመ አያቴ ሁልጊዜ ትቆጣ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ኧረ የለም ልጄ፤ እንደ እርሷ ሣቂና ተጫዋች ሰው በሰፈሩ አልነበረም» አልኋት።

«ታዲያ ሣቋ የት አለ?» አለች።

አልበሙን ተቀብዬ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ገለጥሁት። የእናቴ ፎቶግራፎች ዐሥራ አንድ ናቸው። በዐሥራ አንዱም ጥርሷ አይታይም። በሠርግ ቆማለች፤ በክርስትና ተቀምጣለች፤ እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ በተመረቅሁ ቀን በአጠገቤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላለች፤ በስቱዲዮ መጋረጃ ፊት ደግሞ ከጎረቤት በተዋሰችው ካባ ተሸፍና ችሎት የቀረበች ትመስላለች። አልበሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የሕፃኒቱ ጥያቄ እንግዲህ ለደራሲው የቀረበ ሒስ ነበር።

በመጀመሪያ ይህ የፊት መድረቅ ከወዴት እንደ መጣ እንመልከት። ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ የፈለሰፈው ጥበብ በ1839 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሲገለጥ፥ ሰው ምስሉ እስኪቀረጽ ድረስ ለብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ሣቅ ደግሞ ያን ያህል አይቆይምና የፊት መድረቅ የግድ ነበር። በኋላ ግን መሣሪያው እየቀለለ ሄደ። ኮዳክ የተባለው ካሜራ በ1888 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ1900 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብራውኒ የተባለው በአንድ ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ በዚያም አገር ሕፃን እንኳ ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን ቻለ። እናቴ ስቱዲዮ በገባችበት ዘመን ካሜራው ሥራውን የሚፈጽመው ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ነበር። እንግዲህ ፊቷን ያደረቀው መሣሪያው አይደለም፤ ልማዳችን ነው።

ልማዱም ምክንያት አለው። ፎቶግራፍ በአገራችን ሥር የሰደደው በቤተ መንግሥትና በስቱዲዮ በኩል ነው። የአርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተ ሰብ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው፤ አባትየው ቤድሮስ የዳግማዊ ምኒልክ፥ ልጁ ቶኒ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ። ንጉሥ በዙፋኑ እንደሚታይ ሁሉ ባላገሩም በተራው እንዲሁ ሊታይ ወደደ። በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣ ሰው ከሁሉ የተሻለ ልብሱን ለብሶ በክብር ቢቆም የሚነቀፍ አይደለም፤ ድኻ ለራሱ የሰጠው ማዕረግ ነውና። የእኔ ነቀፋ በስቱዲዮው ላይ ሳይሆን፥ ከስቱዲዮው ሌላ ነገር እያለው ስቱዲዮውን ብቻ በመረጠው አልበም ላይ ነው።

ይህን የምለው ሌላ ዓይነት መጽሐፍ በልጅነቴ ስላየሁ ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት የውጭ አገር መምህርት ነበሩ። እሳቸው ትልቅ ደብተር ነበራቸው፤ በዚያም ላይ ፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን የአውቶቡስ ቲኬት፥ የደረቀ አበባ፥ የልጆች ሥዕል፥ የደብዳቤ ቴምብር እየለጠፉ፥ በእያንዳንዱ ሥር ቀኑንና ነገሩን በጥሩ ጽሕፈት ይጽፉ ነበር። እንጨት የተሸከመች ልጅ፥ በዝናብ የወደቀ አጥር፥ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች፥ ጫማውን በእጁ ይዞ ወንዝ የሚሻገር ተማሪ፥ ይህ ሁሉ በዚያ ደብተር ነበረ። የሠርግና የግብር ቀን ብቻ ሳይሆን ማክሰኞና ረቡዕም ታሪክ መሆናቸውን የተማርሁት ከዚያ ነው።

ሆኖም ያን ደብተር ዛሬ በሐያሲ ዓይን ሳስታውሰው ትልቅ ጉድለት አገኝበታለሁ። ከደረቀው አበባ ሥር የአበባው ስም በላቲን ተጽፎ ነበር። እኔ ከነጓደኞቼ ውሃ ስንቀዳ በተነሣነው ፎቶግራፍ ሥር ግን የተጻፈው «ልጆች በምንጩ አጠገብ» የሚል ብቻ ነው። አምስት ነበርን፤ አምስታችንንም መምህርቷ በስማችን እየጠሩ ያስተምሩን ነበር። አበባው ስም ሲኖረው እኛ ስም አልነበረንም።

ይህ የአንዲት መምህርት ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ተረዳሁ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተነሡ ፎቶግራፎች ተሰብስበዋል፤ ለአገራችን ታሪክ ትልቅ ውለታ ነው። ዳሩ ግን እንደዚህ ያሉትን የቀድሞ ዘመን ፎቶግራፎች የሚመለከት ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ንጉሡና መኰንኑ በስማቸው ሲጠሩ ገበያተኛዋና ወታደሩ ብዙውን ጊዜ ያለ ስም ይቀራሉ። ፊቱ ተርፎ ስሙ የጠፋ ሰው ግማሹ ብቻ እንደ ተረፈ ይቈጠራል።

እነሆ ሁለት መጻሕፍት አየን። የእኛ አልበም ስም አለው፥ ኑሮ የለውም፤ የመምህርቷ ደብተር ኑሮ አለው፥ ስም የለውም። ሦስተኛውን ደግሞ ልጄ በኪሱ ይዞታል። በእጅ ስልኩ ውስጥ ከዘጠኝ ሺሕ የሚበልጡ ፎቶግራፎች አሉ። ሣቅም፥ ልቅሶም፥ ምሳም፥ ድመትም አለ። ልጁ ትምህርት ቤት የገባችበትን የመጀመሪያ ቀን አሳየኝ ብለው አንድ ምሽት ሙሉ ፈልጎ አጣው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው። ሁሉን የያዘ መጽሐፍ ያልተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ምክንያቱም መምረጥ የሌለበት ድርሰት የለም።

አሁን ወደ መተው ነገር እገባለሁ፤ ከሁሉ የሚከብደኝም ይህ ነው። በአልበማችን ውስጥ አባቴ ከአራት ወዳጆቻቸው ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ አለ። ከአራቱ የአንዱ ፊት በመቀስ ተቈርጦ ወጥቷል። በ1970 ዓ.ም. ያ ሰው ተይዞ በተወሰደ ሰሞን፥ አባቴ አንድ ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ቈርጠው ሲያወጡት አይቻለሁ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቤታችን ቢፈተሽ ያ ፊት ሰባት ነፍስ ያስጠይቅ ስለ ነበር፥ እኔ በአባቴ አልፈርድም። ይህ በፍርሃት የተደረገ መተው ነው። ስሙን በዚህ አላነሣም፤ ከፎቶግራፉ ጀርባ ግን ጽፌዋለሁ።

የእኔ መተው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ካሜራ የነበረው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤታችን መጥቶ እናቴን በማድ ቤት ሳለች አነሣት። እንጀራ እየጋገረች ነበር። ያደፈ ነጠላዋን በወገቧ አሥራ፥ ፊቷ በጢስ ወዝቶ፥ ሊጥ የነካ እጇን «ተው! እንዲህ ሆኜ?» እያለች ወደ ካሜራው አንሥታ፥ ከልቧ ትሥቃለች። ፎቶግራፉ ታጥቦ በመጣልኝ ጊዜ አየሁትና አፈርሁ። እንግዳ የመምህሩን እናት በዚህ ሁኔታ አይቶ ምን ይላል አልሁ። ከአልበሙ አስቀርቼ በመሳቢያዬ ከወረቀት በታች አኖርሁት።

አንድ ሰው፥ «እናትህ እጇን ያነሣችው አልፈልግም ለማለት ነው፤ መተውህ ክብሯን መጠበቅ ነው» ይለኝ ይሆናል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ ሳይፈቅድ የተነሣ ሰው ፎቶግራፉን የማስቀረት መብት አለው። ነገር ግን ከስምንት ዓመት በኋላ እናቴ ራሷ፥ «ያቺ የማድ ቤቷ ፎቶ ወዴት ሄደች? ያን ቀን እንዴት ሥቄ ነበር!» ብላ ጠየቀችኝ። ኀፍረቱ የእርሷ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ዐወቅሁ። እኔ ግን መደበቄን መናገር አፍሬ፥ «ጠፍታለች» አልኋት። አልጠፋችም ነበር፤ ከተቀመጥሁበት ሦስት እርምጃ በማይርቅ መሳቢያ ውስጥ ነበረች። ዛሬ ነገ አወጣላታለሁ ስል፥ በ1990 ዓ.ም. ቤት ስንለውጥ በእውነት ጠፋች። ውሸቴ እውነት ሆነብኝ። እናቴ በ2001 ዓ.ም. አረፈች። አባቴ በፍርሃት የቈረጡት አንድ ፊት ነው፤ እኔ በትዕቢት ያጠፋሁት የእናቴን ሣቅ ነው።

ሮላን ባርት የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ እናቱ ከሞተች በኋላ በ1980 እ.ኤ.አ. ስለ ፎቶግራፍ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የእናቱን ፎቶግራፎች ሁሉ መርምሮ እውነተኛ ማንነቷን ያገኘው የአምስት ዓመት ልጅ ሆና በተነሣችው በአንዱ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ፎቶግራፎች ሲታተሙ ያንን ግን አላተመውም፤ ለሌላው ሰው ተራ ሥዕል ከመሆን አያልፍም ብሎ ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ፎቶግራፍ ብቻውን ድዳ መሆኑን ነው። የሚያናግረው የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ ደግሞ የሚያናግረው ጽሕፈት ብቻ ነው።

ስለዚህ አልበም ለሚያዘጋጅ ሁሉ እንደ አሮጌ መምህር ጥቂት ምክር ልተው። ከስልክህ ውስጥ በየዓመቱ ሃምሳ ያህል መርጠህ አሳትም፤ ከሃምሳው እኩሌታው በዓል ያልሆነ ቀን ይሁን። የሚነሣውን ሰው አስፈቅድ። ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ፥ ሳትጫን፥ ስም፥ ቦታና ዓመት ጻፍ፤ የሠራተኛይቱንና የዘበኛውን ስም አትርሳ። ገጹ ሙጫ የተቀባውንና በላስቲክ የሚሸፈነውን አልበም አትግዛ፤ እኔ በ1975 ዓ.ም. በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት እንዲህ ያለ ነበርና ሙጫው ቢጫ ሆኖ ፎቶግራፉን ይዞ አልለቅም ብሏል። ባለ ቀለሙን ፎቶግራፍ ከፀሐይና ከሙቀት አርቅ፤ ቀለሙ እየለቀቀ ይቀላልና።

እኔም አልበሜን ማረም ጀምሬአለሁ። ከእናቴ የስቱዲዮ ፎቶግራፍ ፊት ለፊት አንድ ባዶ ገጽ ትቼ፥ በመካከሉ ያ የጠፋው ፎቶግራፍ በሚያህል መጠን አራት ማዕዘን አስምሬ፥ በሥሩ ምን እንደ ነበረበትና ለምን እንደ ጠፋ ሳልሸሽግ ጽፌበታለሁ። የልጄ ልጅ ንባብ ስለ ለመደች ፊደሉን እየቈጠረች አነበበችው። ውሸት ከተናገርሁበት ቦታ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች፤ ከዚያም እርሳሷን አንሥታ በአራት ማዕዘኑ ውስጥ ምጣድና አንዲት የምትሥቅ ሴት ሣለችበት። ሥዕሉ እናቴን አይመስልም። ከሥሩ የእናቴን ስም ጻፍሁ፤ ከእርሱም ቀጥሎ የሣይቱን ስምና ቀኑን ጻፍሁ።