መርሳት አለመታመም ነውን?

በአፍ ገብቶ ጨጓራን ስለሚያሳየው ኤንዶስኮፕ ታሪክ ሲጻፍ ምስጋናው ሁሉ ለመሣሪያው ነው። ሩዶልፍ ሺንድለር በ1932 (እ.ኤ.አ.) በከፊል የሚተጣጠፈውን መሣሪያ አወጣ፤ በምርመራው ጊዜ የበሽተኛውን ራስ ትደግፍ የነበረችው ሚስቱ ግን ወደ ኋላ ትቀራለች። ዛሬ የእጇን ሥራ ሚዳዞላም የተካው ይመስላል። ይህ መድኃኒት ፍርሃትን ያበርዳል፤ የሆነውንም ያስረሳል። ስለዚህ ከምርመራው በኋላ «አሞዎት ነበርን?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው «አላስታውስም» የሚል መልስ ምስክር ሊሆን አይችልም። ታሞ የረሳ ሰው አልታመመም አይባልምና። ደግሞም መድኃኒቱ ትንፋሽን ሊያደክም ይችላል። እንደ አሳቤ፣ ሌላ ሥራ ያልተሰጠው አንድ ሰው የበሽተኛውን ፊት፣ ትንፋሽና በደሙ ያለውን ኦክሲጅን እየተመለከተ ሊጽፍ ይገባል። በኋላ ከሚገኘው መልስ ይልቅ ይህ ማስታወሻ ይታመን።