«ኃይል»፣ «ፍሪሲዮን»ና የምህንድስና ተማሪ

ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ቃላትንም ይዞ መጥቷል፤ «ለገሀር»ና «ፉርጎ» ፈረንሳይኛ ናቸው። «ካቻቢቴ»ና «ፒንሳ» ደግሞ ከኢጣልያንኛ ገብተው የጋራዥ አማርኛ ሆነዋል። በዚህች ከተማ የሚያድግ የምህንድስና ተማሪ ትምህርቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይፈጽማል። በመካከሉ ያለው ድልድይ የሙያ ቃል ስለሆነ፣ የስያሜ ሥራችን መመዘን ያለበት በዚሁ ነው።

ሁለት ምሳሌ እንመልከት። «ኃይል» የሚለውን ቃል በኒውተን፣ በጁልና በዋት ለሚለኩ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች ስናውለው እንገኛለን። አንድ ዋት በሰከንድ አንድ ጁል መሆኑን የሚማር ወጣት «ኃይል ለጊዜ ሲካፈል ኃይል ይሆናል» ወደሚል ትርጉም አልባ አነጋገር ቢደርስ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

በአንጻሩ የመካኒኩ «ፍሪሲዮን» መነሻው «ሰበቃ» የሚል የኢጣልያንኛ ቃል ነው። መሣሪያውም የሞተሩን ዙር ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው በሰበቃ ነው። ተማሪው አንዱን በክፍል፣ ሌላውን በጋራዥ ይሰማል፤ ቃልን ከቃል ብቻ የሚያጋጥም መዝገበ ቃላት ግን ዝምድናቸውን አይነግረውም።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታላቅ መሠረት መሆኑ አይካድም። ሆኖም መሰየም የሥራው እኩሌታ ነው። ለምህንድስና የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት ከእያንዳንዱ ስያሜ ጋር መለኪያውንና የጋራዡን አጠራር ሊያሰፍር ይገባል። ይህ ካልሆነ ተማሪው ስሙን ይሸመድዳል እንጂ ነገሩን አያውቅም።