የተቀነሰውን መፈለግ

ደጀን ላይ የጥገና ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ምሥራቅ ጎጃም በምን እንደሚያበራ ያውቃል። ከመርካቶ የተጫነው ሸቀጥ የዓባይን በረሃ ወርዶ ሽቅብ ሲወጣ ከአፋፉ ላይ የሚቀበለው ከተማ ደጀን ነው። ከዚህ ወጣ እንዳሉ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር። በአይሱዙ ጀርባ በካርቶን የሚያልፉት የእጅ ባትሪዎች፣ የግንባር መብራቶች፣ የሶላር ፋኖሶችና አምፖሎች ከየገጠሩ ቤት ደርሰው እንቢ ሲሉ፣ በገበያ ቀን በዘንቢል ሆነው ወደ እኛ ይመለሳሉ።

እነዚህን ዕቃዎች ስፈታና ስለካ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከዚህ ላይ ምን ተቀነሰ? ርካሽ ዕቃ የሚረክሰው የሆነ ነገር ስለተቀነሰለት ነው። መቀነስ በራሱ ነውር አይደለም። አምራቹ የካርቶኑን ጌጥ፣ ማንም የማይፈልገውን ብልጭ ድርግም ማድረጊያ ትቶ ዋጋውን ካወረደ ለገዢው ውለታ ውሏል። ነውሩ የሚጀምረው ዐይን የማያየው ሲቀነስ ነው፦ ሰውን ከኮረንቲ የሚጠብቀው፣ ባትሪውን ከመቃጠል የሚያድነው፣ መብራቱን ዓመት የሚያሻግረው። ስለዚህ በርካሽ ዕቃ ላይ ጥገና ማለት የተሰበረውን ከመመለስ አልፎ ከፋብሪካው ጀምሮ ያልነበረውን ማስገባት ነው።

ፍተሻ ካቻቢቴ ከመነሳቱ በፊት ይጀምራል። ዕቃውን በእጄ አነሳዋለሁ፤ በጆሮዬ አጠገብ ነቅነቅ አደርገዋለሁ፤ የተቃጠለ ሽታ እንዳለው አሸተዋለሁ። በብሎን የተገጠመ ዕቃ አንድ ቀን እንደሚከፈት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ዙሪያውን በሙጫ የታሸገ ግን ተበላሽቶ እንዲጣል ታስቦ ነው። ክብደት ብዙ ይናገራል፤ ብቻውን ግን አይታመንም፤ እንዲከብድ ተብሎ ሥራ የሌለው ብረት የተቀመጠበት ዕቃ አለና። ያልታወቀ ዕቃ ሳይከፈት ሶኬት ላይ አይሰካም። አብረውኝ ለሚሠሩ ልጆች ይህችን ደንብ ከሁሉ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

በብዛት የሚመጣው ከጀርባው ስፒና የሚወጣለት፣ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚሞላው የእጅ ባትሪ ነው። ብሎኖቹን ፈትቼ ሁለቱን የፕላስቲክ ግማሾች ስለያይ የማገኘው ጥቂት ነው፦ 4 ቮልት የሚል የሊድ ባትሪ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦርድ፣ በላይዋ አንድ ካፓሲተርና አራት ዳዮድ፣ ማብሪያ፣ ከፊት የኤል ኢ ዲ ሳህን። ትራንስፎርመር የለም። ከ220 ቮልቱ መስመር የሚገባውን ኮረንቲ የሚገታው ካፓሲተሩ ብቻ ነው። 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኛ የ50 ኸርዝ መስመር ላይ 70 ሚሊአምፔር ገደማ ያሳልፋል፤ ትንሽ ባትሪ ቀስ አድርጎ ለመሙላት ይበቃል። አሠራሩን ያሰበው ሰው ብልህ ነው።

ጉዳዩ ከካፓሲተሩ አጠገብ ያለው ክፍት ቦታ ነው። በደህናው ዕቃ ላይ ከካፓሲተሩ ጎን ግማሽ ሚሊዮን ኦም ገደማ የሆነች ሬዚስተር ትታሰራለች፤ ስፒናው ሲነቀል ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረውን ኮረንቲ ታፈስሰዋለች። በርካሹ ላይ ለሬዚስተሯ የተበጁት ሁለት ቀዳዳዎች ቦርዱ ላይ ይታያሉ፤ ስሟም በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ እሷ ራሷ ግን የለችም። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ቦታ ሰጥቷት ነበር፤ ያስቀራት ዋጋ ቀናሹ ነው። ልጅ ዕቃውን ከሶኬት ነቅሎ የስፒናውን ጥርሶች ሲነካ የሚነዝረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ባትሪው ሲሞላ የሚያቆም ነገርም የለም። ዕቃው ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ሲያድር በባትሪው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ጋዝ እየተለወጠ ይወጣል፤ ባትሪው ይደርቃል። ጤነኛ ባለ 4 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ ቴስተር ላይ ከ4.2 ቮልት በላይ ያሳያል፤ የደረቀው ለጊዜው ያንኑ ያሳይና መብራት ሲጫንበት ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ ባትሪ ያለ ሥራ አይለካም፤ ጭነት ሰጥቶ ነው። የመድረቁ ጉዳት በባትሪው አያበቃም። ስፒናው ሶኬቱን ሲነካ የሚፈጠረውን ድንገተኛ ግፊት እስከዚያ ይውጠው የነበረው ባትሪው ነው፤ እሱ ሲደክም ማብሪያው ክፍት ከሆነ ግፊቱ በቀጥታ ኤል ኢ ዲዎቹ ላይ ያርፋል።

«ልጄ፣ ቻርጅ ላይ ሳለ ባበራው ቦግ ብሎ ጠፋ» የሚሉኝ አባቶች አሉ። «አባባ፣ ጥፋቱ የርስዎ አይደለም፤ ሲሞላ አይብራ የሚል ጽሑፍ ሊኖርበት ይገባ ነበር» እላቸዋለሁ። ከዚያ የተቃጠለውን እቀይራለሁ፤ የጎደለችውን ሬዚስተር ቦታዋ ላይ እበይዳለሁ። ባለቤቱ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ከቻለ ደግሞ ስፒናውን ከነካፓሲተሩ አውጥቼ በሊትየም ባትሪና ቲፒ 4056 በሚባለው የመሙያ ቦርድ እተካዋለሁ፤ በማንኛውም የስልክ ቻርጀር በ5 ቮልት ይሞላል፣ 4.2 ቮልት ሲደርስ ራሱ ያቆማል። ቦርዱን ስመርጥ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይራገፍ የሚጠብቅ ክፍል ያለበትን እወስዳለሁ፤ ሁለቱም ዓይነት ገበያ ላይ አለና። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ልጅ ቢይዘው አልሰጋም።

ሊትየም ባትሪ ግን ራሱን የቻለ ፈተና አለው። 18650 የሚባለው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ድንጋይ፣ በጎኑ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ተጽፎበት ይሸጣል። በዚህ መጠን ታዋቂዎቹ ፋብሪካዎች ለገበያ ያበቁት ምርጥ ባትሪ 3500 አካባቢ ነው። እውነተኛው 45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ቀልሎ የሚገኘው ገና ሳይለካ ያስጠረጥራል። ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የ10 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተርና ሰዓት ይበቃሉ። የሞላውን ባትሪ በሬዚስተሩ ላይ አስሮ 3 ቮልት እስኪደርስ መጠበቅ ነው። በአማካይ 370 ሚሊአምፔር ስለሚፈስ የቆየበት ሰዓት በዚያ ሲባዛ እውነተኛው ይዞታ ይወጣል። 9900 የተባለው 27 ሰዓት ገደማ መቆየት ነበረበት። በ3 ሰዓት ከቆመ ያለው 1100 ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር ለባለቤቱ ስነግር ባትሪው ይጣል ማለቴ አይደለም። 1100 የያዘ ባትሪ ለጓሮ መብራት ደህና ነው። ሰው የገዛውን ነገር ልክ ሲያውቅ በልኩ ይጠቀምበታል፤ ማታ ሲጠፋበት አይደናገጥም፣ ሌሊት ወደሚሄድበት ሩቅ መንገድ እሱን ተማምኖ አይወጣም።

የሶላር ፋኖስ በዚህ አገር ትልቅ ነገር ነው። ቢቸና አካባቢ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ የቅኔ ደብሮች አሉ፤ የጎጃም የአብነት ተማሪ ደግሞ ቀለሙን የሚያጠናው ሌሊት ጭምር ነው። በኩራዝ ጭስ ዐይኑ ሲቀላ የኖረ ተማሪ ንጹሕ ብርሃን ሲያገኝ ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት ነው። ለዚህም ነው በሶላር ፋኖስ ላይ የሚደረገው ማጭበርበር ከሌላው ይልቅ የሚያንገበግበኝ። ከእጅ ባትሪ ጀርባ የተለጠፈች ሦስት ጣት የምታህል ሰሌዳ ቀትር ላይ የምትሰጠው 0.3 ዋት ቢሆን ነው። ውስጥ ያለው ባትሪ 5 ዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ለመሙላት 17 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ይህ በበጋ የቀናት ሥራ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴማ አይታሰብም።

ሰሌዳ መፈተሽ ቀላል ነው። ቀትር ላይ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቼ ቮልቱን እለካለሁ፤ ቀጥሎ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጌ ሁለቱን ሽቦዎች በእሱ በኩል አገናኛለሁ። ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ በ0.7 ማባዛት እውነተኛውን ዋት በቅርበት ይሰጣል። ጀርባው ላይ ከተጻፈው ግማሹን ካላገኘሁ ለባለ ሱቁም ለገዢውም እነግራለሁ።

ርካሽ ሆኖ ደህና መሥራት እንደሚቻል ማስረጃ አለ። የዓለም ባንክ ቡድን በ2007 እ.ኤ.አ. ላይቲንግ አፍሪካ የተባለውን ፕሮግራም ከጀመረ በኋላ ለትናንሽ የሶላር መብራቶች የጥራት መለኪያ ወጣ። በመለኪያው መሠረት መብራቱ 2000 ሰዓት በርቶ ከመጀመሪያ ብርሃኑ ቢያንስ 85 በመቶውን መያዝ አለበት፤ ከወደቀ በኋላም መሥራት አለበት፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰዓት ተለክቶ የተገኘውን መምሰል አለበት፤ አምራቹ የአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ኢትዮጵያም በልማት ባንክ በኩል ለሶላር አስመጪዎች ብድር ስታቀርብ ይኸው የጥራት ጉዳይ አብሮ መጥቷል። እንደ ዲላይትና ሰን ኪንግ ያሉትን ፋኖሶች ስከፍት የማየው ልዩነት የዕቃ ብዛት አይደለም፤ ቦርዱ ትንሽ ነው፣ ፕላስቲኩ ተራ ነው፣ የሚያስፈልገው ግን አልጎደለም። ቅነሳ በዕውቀት ሲሆን ይህን ይመስላል።

ሶኬት ላይ የሚሠራው የኤል ኢ ዲ አምፖል ሌላ ታሪክ ነው። መብራት ኃይል በ2002 ዓ.ም. ገደማ የድሮውን ባለ ጅማት አምፖል በቆጣቢ አምፖል በነጻ ሲቀይር ከተሜው ዋት መቁጠር ለመደ፤ ከዚያ ኤል ኢ ዲ ተተካ። የነጭ ኤል ኢ ዲ መሠረት የሆነውን ሰማያዊ ብርሃን ያስገኙት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። የነሱ ድካም ከደጀን ሱቅ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ኮረንቲ ተጭኖበት ነው። አምፖሉ ሱቅ ውስጥ ደምቆ እንዲታይ ኤል ኢ ዲዎቹ ይጋላሉ፤ ሙቀቱን የሚያወጣው አልሙኒየም ደግሞ ሳስቷል። ሁሉም በአንድ መስመር የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትቃጠል አምፖሉ ይጠፋል። ቆቡን ሲያነሱት የሞተችው መሐሏ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት።

ብዙ ጠጋኝ እሷን በሊድ አሻግሮ ይመልሰዋል። ይበራል፤ ግን ያቃጠላት ሙቀት እዚያው ስላለ ቀጣይዋ ትከተላለች። እኔ ከዚያ አልፌ የኮረንቲውን ልክ የሚወስኑትን ሁለት ትናንሽ ሬዚስተሮች እፈልግና ትልቅ ቁጥር ያላትን አነሳለሁ። ኮረንቲው ይቀንሳል፤ ብርሃኑ በመጠኑ ይወርዳል፤ አምፖሉ ይበርዳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

የአምፖልን ዋት ማንም በቤቱ ቆጣሪ ሊፈትሽ ይችላል። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል። 1600 የሚል ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ አንድ አምፖል ብቻ ማብራትና በሁለት ብልጭታ መካከል ያለውን ጊዜ መቁጠር ነው። 9 ዋት የእውነት ከሆነ 250 ሰከንድ ይፈጃል። 450 ሰከንድ ከፈጀ አምፖሉ 5 ዋት ነው። ካርቶኑን ሳይሆን ቆጣሪውን ማመን ይሻላል።

ከእግራችን ሥር የሚወርደው ዓባይ ጳጉሜ 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ኮረንቲ ሆኗል። መስመሩ ከየጎጡ እስኪደርስ፣ ከደረሰም በኋላ መብራት በሄደ ቁጥር፣ ሰው በእጁ የሚይዘው ትንሽ መብራት ያስፈልገዋል። የዚህ አገር ገበሬ ጤፉን በሚዛን ነው የሚሸጠው፤ ሚዛኑ ቢያጋድል ዝም አይልም። በጤፉ ብር የሚገዛውን ብርሃንም በሚዛን ሊገዛ ይገባዋል፤ ያ ሚዛን ደግሞ ዛሬ ያለው የጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስለዚህ ሙያተኛ ነን የምንል ሁሉ የለካነውን በግልጽ እንናገር። ባለ ሱቅ አዲስ ዓይነት ሲያመጣ ከካርቶኑ አንዱን ሰጥቶን እንፍታው፤ ባትሪው ስንት እንደያዘ፣ ሞልቶ ስንት ሰዓት እንዳበራ፣ ሲሞላ ለሰው አደገኛ መሆን አለመሆኑን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን እንስጠው፣ ከመደርደሪያው ላይ ይለጥፈው። በቴክኒክና ሙያ ተቋም የሚያስተምሩ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ከመበየድ እኩል መለካትን ያስለምዱ፤ አንድ ቴስተርና አንድ የ10 ኦም ሬዚስተር ለመጀመር ይበቃል። ደህና ዕቃ ያመጣ ነጋዴ በዚህ አይጎዳም፤ እንዲያውም ሱቁ ይታወቅለታል። መጥፎውን ያመጣውም በሚቀጥለው ጊዜ መርካቶ ሲወርድ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ውስጡን ማየት ይጀምራል።