መምጠጥና መጥባት፦ ባልና ሚስትን በሚመለከት በሙወጠእ ስለሚገኝ አንድ ዘገባ አነባበብ

በፊቅህ ትምህርት ውስጥ በየዘመኑ የሚመላለስ አንድ ጥያቄ አለ። ሚስቱ በምታጠባበት ወቅት ባል በመቀራረብ መካከል ከጡቷ ወተት ቢቀምስ፣ አውቆም ይሁን ሳያስበው ወደ ሆዱ ቢገባ፣ ኒካሑ ምን ይሆናል? ጠያቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፤ መላሹም ከእርሱ ባላነሰ ተሸማቆ በአንዲት ቃል ይመልስና ወደ ሌላ ርእስ ይሻገራል። በመድረሳ በነበርንበት ዘመንም ይህ ምዕራፍ ሲደርስ ንባቡ ይፈጥን ነበር። ከዚህ ጥድፊያ የተረፈው ትርፍ የለም። ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተደባልቀው ይቀራሉ፤ አንዱ ወተቱ የጡት ዝምድና ይፈጥራል ወይ የሚለው ነው፤ ሌላው ድርጊቱ በራሱ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ቃል የሚመልስ ሰው፣ በትክክለኛ ኒካሕ የሚኖሩ ጥንዶችን ተለያዩ ወደማለት ሊደርስ ይችላል።

ለአማርኛ አንባቢ ፍርሃቱ ተጨማሪ ምክንያት አለው። በሀገራችን «የጡት ልጅ» መሆን የቆየ የዝምድና መንገድ ነው። በተለያዩ ማኅበረሰቦች ዘንድ ጎልማሳ ሰው ሳይቀር በምልክት ብቻ ጡት ጠብቶ የአንድ ታላቅ ሰው ልጅ የሚሆንበት ልማድ ነበር። ስለዚህ ጡት ዕድሜ ሳይለይ ያዛምዳል የሚለው አሳብ በጆሯችን እንግዳ አይደለም። ልማዱ የራሱ ክብር ነበረው፤ የሸሪዓ ረዷዕ ግን እርሱ አይደለም።

የጉዳዩ ዋና ምንጭ የኢማም ማሊክ ሙወጠእ ነው። ኢማሙ (179 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) በረዷዕ ኪታባቸው ውስጥ ካደጉ በኋላ ስለሚሆን ጥቢ በከፈቱት ምዕራፍ ሦስት ዘገባዎችን በተርታ አስቀምጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ቀላል ነው፤ ሦስቱ ዘገባዎች በተርታቸው መነበብ ሲገባቸው፣ የመጀመሪያው ብቻ ተነጥሎ ሲነበብ ኖሯል፤ ባልና ሚስትን በቀጥታ የሚመለከተው ሦስተኛው ግን ተቀንጭቦ ተረፈ።

የመጀመሪያው የሳሊም ታሪክ ነው። አቡ ሑዘይፋ (ረ.ዐ.) ሳሊምን እንደ ልጃቸው ያሳደጉት ሰው ነበሩ። በሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ የማደጎ ልጅነት ሲሻርና ልጆች በወላጅ አባቶቻቸው እንዲጠሩ ሲታዘዝ፣ የአቡ ሑዘይፋ ሚስት ሰህላ ቢንት ሱሀይል (ረ.ዐ.) ተቸገሩ። ቤታቸው አንድ ነው፤ ሳሊም ጎልምሷል፤ እርሳቸውም በቤት ልብስ ሳሉ ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አምስት ጊዜ እንዲያጠቡት ነገሯቸው። ከቃዲ ዒያድ ጀምሮ የሐዲሥ ሐታቾች እንደገመቱት፣ ወተቱ ታልቦ በዕቃ ቀርቦለት ሊሆን ይችላል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ይህን ፈቃድ ለሌሎችም የሚያገለግል አድርገው ያዙት፤ የቀሩት የነቢዩ ሚስቶች ግን ለሳሊም ብቻ የተሰጠ ነው ብለው አልተቀበሉትም።

ሁለተኛው ዘገባ የመጣው በኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በኩል ነው። አንድ ሰው ባሪያው የሆነች ልጃገረድ ነበረችው። ሚስቱ ከቅናት የተነሣ ልጅቷን ጡት አጠባቻትና «እንግዲህ ለአንተ አትሆንም» አለችው። ሰውየው ወደ ዑመር (ረ.ዐ.) ሄደ። እርሳቸው ሚስቲቱን እንዲቀጣ፣ ከልጅቷም ጋር እንደ ቀድሞው እንዲኖር ነገሩት፤ ጥቢ ማለት የሕፃን ጥቢ ነው የሚል ምክንያት ሰጡ።

ሦስተኛው እነሆ የእኛ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ወደ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) መጥቶ ከሚስቱ ጡት ወተት እንደመጠጠና ወደ ሆዱ እንደገባ ነገራቸው። አቡ ሙሳም ሚስትህ እርም ሆናብሃለች የሚል አስተያየት ሰጡት። በቦታው የነበሩት ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ለሰውየው የሚሰጠውን ፈትዋ እንዲያጤኑት አሳሰቧቸው፤ ሲጠየቁም ጥቢ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ካልሆነ ጥቢ አይባልም አሉ። አቡ ሙሳ አልተከራከሩም። ይህ ሊቅ በመካከላችሁ ሳለ እኔን አትጠይቁኝ ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ።

እስከዚህ ድረስ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ያልታወቀው፣ ወይም ታውቆ የተተወው፣ በኢማም አሕመድ ሙስነድ ውስጥ የሚገኘው ሰፋ ያለው አነጋገር ነው። በዚያ ላይ ሰውየው መንገደኛ ነበር። ሚስቱ በጉዞ ላይ ሳሉ ወለደች፤ ወተቷም ጡቷ ውስጥ ታገደ። እርሱ እየመጠጠ ይተፋላት ነበር፤ ከዚያ ጥቂቱ ወደ ጉሮሮው አለፈ። አራስ ያስታመመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ በወተት የተወጠረ ጡት ካልቀለለለት ይቆስላል፣ ያተኩሳል። በመንገድ ላይ አዋላጅ የለም፣ ሌላ ሴት የለችም፤ ያለው ባል ብቻ ነው። አጭሩን ዘገባ ብቻ የሚያነብ ሰው ፊት የሚመጣበት ስሜቱን መግታት ያቃተው ባል ነው። ሰፊውን የሚያነብ የሚያገኘው ግን ሚስቱን ያስታመመ፣ ከዚያም ባስታመመበት ነገር ትዳሩን ያጣ የመሰለው ሰው ነው።

የሰነድ ነገር እዚህ ላይ መነገር አለበት። የሙወጠኡ አነጋገር ከየሕያ ኢብኑ ሰዒድ የመጣ ነው፤ እርሳቸውም አቡ ሙሳን አላገኙም፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ የተቆረጠ ነው። የሙስነዱም ሰንሰለት ማንነታቸው ያልታወቀ ተራኪዎች ስላሉበት መርማሪዎች ነቅፈውታል። ብይኑን በዚህ ብቻ አናቆመውም። ብይኑ የሚቆመው በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ ሁለት ሙሉ ዓመታት የተባለው የማጥቢያ ጊዜ ላይና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት፣ ዝምድና የሚፈጥር ጥቢ ረኀብን የሚያስታግሰው ነው በሚለው የነቢዩ ቃል ላይ ነው። የዚህ የኋለኛው ሐዲሥ ተራኪ ራሳቸው ዓኢሻ መሆናቸው ዑለማእን ሲያነጋግር ኖሯል። ዘገባው ለአነባበብ የሚሰጠው ጥቅም ግን በሰነዱ ድካም አይጠፋም፤ የቀደሙት ሰዎች ጥያቄው ከምን ዓይነት ኑሮ እንደሚነሣ ያውቁ እንደነበር ያሳያልና።

ሦስቱን በተርታ ስናያቸው የኢማሙ አደራደር ይናገራል። በመጀመሪያው ወተቱ የተሰጠው ዝምድና ለመፍጠር ታስቦ ነው። በሁለተኛው ለክፋት ታስቦ ነው። በሦስተኛው ምንም ዝምድና አልታሰበም። ዑመርም ኢብኑ መስዑድም የሰጪዋን ሐሳብ አልመረመሩም፤ የጠጪውን ዕድሜ ጠየቁ። አራቱም መዝሀቦች በዚህ ላይ ጸንተዋል። ልዩነታቸው በወሰኑ ላይ ነው፤ ሻፊዒና አሕመድ ሁለት ዓመት፣ ማሊክ ሁለት ዓመትና ጥቂት ጭማሪ፣ አቡ ሐኒፋ ሠላሳ ወር ይላሉ። ሚስት ያገባ ሰው ከእነዚህ ወሰኖች ሁሉ ውጭ ነው። የአዋቂ ጥቢ ያዛምዳል ያሉት ኢብኑ ሐዝምና ጥቂት ሌሎች ናቸው። ኢብኑ ተይሚያ እንደ ሳሊም ያለ ችግር ሲኖር ብቻ አሉ፤ በዚህም አነጋገር ቢኬድ ባል በሚስቱ ዘንድ መሕረም ለመሆን የሚያስፈልገው ምንም ችግር የለበትም።

የሳሊምን ዘገባ ነጥሎ ማንበብ የት እንደሚያደርስ በ2007 እ.ኤ.አ. ታይቷል። በአል-አዝሀር የሐዲሥ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ዒዘት ዐጢያ፣ በአንድ ዝግ ቢሮ አብረው የሚሠሩ ወንድና ሴት በዚህ መንገድ መሕረም ሊሆኑ ይችላሉ የሚል አስተያየት ሰጡ። ቁጣው ታላቅ ነበር፤ እርሳቸውም ቃላቸውን አነሡ፤ ከሥራቸውም ታገዱ። ብዙ ሰው የሳቀበትን ጉዳይ እኔ የምመለከተው እንደ አነባበብ ስሕተት ነው። የሐዲሡ ትክክለኛነት አላነሰም፤ ከጎኑ የተቀመጡት የዑመርና የኢብኑ መስዑድ ቃላት ግን ሳይነበቡ ቀሩ።

የአማርኛ ትርጉምም ድርሻ አለው። በሙወጠኡ ሰውየው ስለ ራሱ ሲናገር የተጠቀመበት የዐረብኛ ግሥ «መሰ» ነው፤ መጠጠ ማለት ነው። ሕጉ የሚናገርበት ግሥ ደግሞ «ረደዐ» ነው፤ ጠባ ማለት ነው። በቃል የሚተረጉሙ ሰዎች ሁለቱንም «ጠባ» ሲሉ ይሰማል። ያኔ ፍርዱ ከጥያቄው ውስጥ አስቀድሞ ገባ ማለት ነው፤ የጠባ ልጅ ነውና። «መጠጠ» ብሎ የተረጎመ ሰው ለኢብኑ መስዑድ መልስ ቦታ ይተዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ ድርጊቱ በራሱ ይፈቀዳል ወይ የሚለው፣ እንደ መጀመሪያው የተዘጋ አይደለም። ሐነፊዮች ባል የሚስቱን ጡት ቢመጥ እርም አትሆንበትም ካሉ በኋላ፣ ከማጥቢያው ጊዜ ውጭ በሴት ወተት ያለ አስገዳጅ ምክንያት መጠቀም አይፈቀድም ይላሉ። ምክንያታቸው ወተቱ የሰው አካል ክፍል ነው፣ የሰው አካል ደግሞ ክቡር ነው የሚል ነው፤ ታልቦ እንዳይሸጥም የከለከሉት በዚሁ ነው። ሻፊዒዮች ወተቱ ንጹሕ ነው፣ ሽያጩም ይፈቀዳል ባሉበት ቦታ ይህ ምክንያት ይላላል። በእኔ ግምት የሐነፊዮች ቃል ሚዛን የሚደፋው ወተቱን ሆን ብሎ የዘወትር መጠጥ ለማድረግ ነው፤ በመቀራረብ መካከል የተቀመሰውን ወይም ለማስታመም የተመጠጠውን እስከ ሐራም ድረስ ማድረስ ይከብደኛል። የሴቲቱ ፈቃድና አለመጎዳቷ ግን ውይይት የሚያሻው ነገር አይደለም። ጡቷ የቆሰለ ሴት እምቢ ስትል ባሏ የፊቅህ ክርክር ሊያነሣባት አይገባም።

ከሁለቱም በፊት የሚቆም ባለመብት አለ፤ ሕፃኑ። ወተቱ በአንቀጹ የተመደበው ለእርሱ ነው። ጡት በተመጠጠ ቁጥር ተጨማሪ ወተት ማመንጨቱ የታወቀ ቢሆንም፣ ልጁ በሚራብበት ሰዓት ቀድሞ የሚጠጣ ባል የልጁን ድርሻ ወስዷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከምታጠባ ሚስት ጋር መገናኘትን ሊከለክሉ አስበው እንደነበር ጁዳማ ቢንት ወህብ (ረ.ዐ.) ያወጉት ሐዲሥ በሙስሊም ተዘግቧል። ያሳሰባቸው የልጁ ጤና ነበር። ሮማውያንና ፋርሳውያን ይህን ሲያደርጉ ልጆቻቸው እንደማይጎዱ ባስታወሱ ጊዜ ክልከላውን ተዉት።