ሕንጻውና የገበያው ቀን፦ በባሕር ዳር ስታዲየም ውዳሴ ላይ የቀረበ ሂስ

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ግንባታው ተጀምሮ ስድሳ ሺህ ያህል ተመልካች እንዲይዝ የታሰበው የባሕር ዳር ስታዲየም፣ ፍጻሜውን ሳያይ ከጣና ገዳማትና ከጢስ ዓባይ ቀጥሎ የሚጠራ የከተማይቱ ጌጥ ሆኖ በመወደሱ፣ ስለ ስፖርት ጥቅም የሚጻፈው ሐተታ ሁሉ ከግንብ ጀምሮ በግንብ የሚፈጸም ሆኗል፤ እኔ ግን ውዳሴው ያለ ስፍራው የዋለ ነው እላለሁ።

ሕንጻው የሰጠንን ደስታ አልክድም፤ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮትዲቯር 2 ለ 1፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካር 4 ለ 0 በብሔራዊ ቡድናችን የተረቱት በዚያ ነው። ዳሩ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳውን ከመመዘኛ በታች ነው ባለ ጊዜ ጋናን በጆሃንስበርግ፣ ግብጽን በሊሎንግዌ በእንግድነት «ተቀበልን»፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ያ ክቡር ዕለት ለባሕር ዳር ባለ ሆቴል፣ ለባጃጅ ነጂና ለቡና ቀጂ ያተረፈላቸው ሲሳይ አልነበረም።

ሲሳይ የሚመጣው ከግንብ ሳይሆን ከታወቀ ቀን ነው፤ ከጣና በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችውን ይፋግን በ19ኛው መቶ ዓመት ስመ ጥር ያሰኛት አዳራሽ ሳይሆን፣ አሞሌ የጫነው ሲራራ ነጋዴ ሳይጠራጠር የሚደርስበት የገበያ ቀን ነበር። የእግር ኳሳችን ሕማም እዚህ ላይ ነው፦ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ ለቴሌቪዥን ሥርጭት እንዲመች ክለቦችን ሁሉ ባንድ አስተናጋጅ ከተማ እየሰበሰበ፣ ከዚያም ወደ ሌላው እየተዛወረ ሲካሄድ፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ያደገው ባሕር ዳር ከነማ አብዛኛውን ዘመኑን በሰው አገር የሚጫወት ስደተኛ ሆነ፤ በየሁለት ሳምንቱ ትኬት ቆራጩን፣ ማልያ ሻጩንና ምሳ ቤቱን ያገናኝ የነበረው ቀን ተሻረ፤ ክለቡም እንደ ብዙዎቹ ባልንጀሮቹ በመንግሥት በጀት እጅ ላይ ቀረ። ይህን ሥርዓት «ዘመናዊነት» የሚሉት ሰዎች፣ በግልጽ ለመናገር፣ ጨዋታን ከምስሉ ለይተው አያውቁም።

ግንብ ብቻውን እንደማያበለጽግ አሜሪካውያኑ ሮጀር ኖልና አንድሩ ዚምባሊስት በጎርጎርዮስ 1997 ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል፤ በሕዝብ ገንዘብ የታነጹት ስታዲየሞች ለከተሞቻቸው የተነገረላቸውን ትርፍ አላስገኙም። ከመቶ ሺህ ብዙም የማይበልጥ ሕዝብ ያላት የአሜሪካዋ ከተማ ግሪን ቤይ ግን፣ በጎርጎርዮስ ከ1923 ጀምሮ ክለቧን በአክሲዮን የያዙት ትርፍ የማይከፈላቸው ባለ ድርሻዎች በመሆናቸው፣ ባለጸጋ ገዝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሊያፈልሰው አልቻለም።

ክለብን እንዲህ የራሱ የሚያደርግ ፍቅር በእኛም ዘንድ አለ። ቡድኑን ተከትሎ እስከ ሐዋሳ በአውቶቡስ የሚጓዘው የጣና ዳር ደጋፊ፣ በክለቡ ጉዳይ አንዲት ድምፅ ሳይኖረው፣ ከማናቸውም ባለሥልጣን ይልቅ የስፖርትን ዋጋ ያወቀ ሰው ነው። እንግዲህ ስታዲየሙ ጣሪያ እስኪለብስ መጠበቅ አያሻም፤ ፌዴሬሽኑና የሊጉ አክሲዮን ማኅበር አስቀድመው ለባሕር ዳር ከነማ በሜዳው የሚጫወትበትን ቀን ይመልሱለት፤ ክለቡም ለደጋፊው አክሲዮን ይሽጥለት።